እማማ ያዝልኝ ኪስ ያቀኑበት ዘመን

ንዌጥን እንከ ዜናሃ ለእማማ ያዝልኝ፤ የእማማ ያዝልኝን ዜና መጻፍ እነሆ ጀመርን። ባለቤታቸው ረጅሙ አናጢ ካረፉ ሦስተኛው ዓመት ሲጋመስ፣ የሰፈሩ ቧንቧ ጠዋት ጠዋት ብቻ በሚያነጥስበት፣ ስልክ ሁሉ እየሰፋ ኪስ ሁሉ እየጠበበ በሄደበት ዘመን፣ እርሱም በታሪክ ዘመነ ላስቲክ የተባለው ነው፣ እማማ ያዝልኝ፣ ሥዩመተ መርፌ ወመቀስ፣ እመ ብዙኃን ጉርዶች፣ በቁመታቸው ከበር እጀታ ብዙም የማይርቁ፣ በቁጣቸው ግን የሰፈሩን ውሻ ሁሉ የሚያስበረግጉ፣ በስፌት መኪናቸው መንበር ላይ በሰላም ተቀምጠው ሳሉ ጦርነት ታወጀባቸው። ጦርነቱን ያወጀባቸውም የገዛ ልጃቸው ነበር። ይህን ስንጽፍ ያየነውን ከዓይናችን፣ ያላየነውን ከባለሱቋ አፍ ወስደን ነው፤ ባለሱቋም ጨምራ እንደሆነ ኃላፊነቱ የእሷ ነው።

ነገሩ ከሥሩ እንዲገባ ስማቸውን እናስቀድም። እናትና አባት ያወጡላቸው ስም በመታወቂያቸው ላይ አለ፤ ሰፈሩ ግን ያዝልኝ ይላቸዋል። ባለቤታቸው ረጅሙ አናጢ በሕይወት ሳሉ ሁለቱ አብረው በወጡበት መንገድ ሁሉ፣ እማማ ቁልፋቸውን ያዝልኝ፣ መነጽራቸውን ያዝልኝ፣ ማበጠሪያቸውን ያዝልኝ፣ የተረፈቻቸውን ግማሽ ብስኩት ሳይቀር ያዝልኝ እያሉ ከረጅሙ አናጢ ሱሪ ኪስ ሲከቱ ይውሉ ነበርና። ረጅሙ አናጢም እንደ ስማቸው ረጅም፣ እጃቸው እንደ ቁመታቸው፣ ኪሳቸውም እንደ እጃቸው ጥልቅ ነበር፤ አንድም ቀን እምቢ አላሉም፤ ብስኩቷን ግን አንዳንዴ ይበሏት ነበር። ስለዚህ እማማ ዕድሜ ልካቸውን ለራሳቸውም ለሰፈሩ ሴቶችም ጉርድና ሱሪ ሲሰፉ ኖረው በራሳቸው ጉርድ ላይ ኪስ አበጅተው አያውቁም። ኪሳቸው በሁለት እግሩ ከጎናቸው ይራመድ ነበር። ረጅሙ አናጢ ባረፉ ጊዜ ኪሱም አብሮ ሄደ፤ ከዚያ ወዲህ ቁልፉ በእጃቸው፣ መነጽሩ በአናታቸው፣ ስልኩም በደረሱበት ሁሉ ሲረሳ ኖረ።

ወበውእቱ መዋዕል፣ በዚያም ሰሞን፣ እማማ በአንድ ከሰዓት በኋላ፣ ልጃቸው «እንዳይወድቅብሽ» ብሎ ከፍ አድርጎ የሰቀለውን ድስት ሊያወርዱ ሲንጠራሩ፣ ቁርጭምጭሚታቸው ዞረና ወጥ ቤቱ ወለል ላይ ዘፍ አሉ፤ መነሣትም አቃታቸው። ስልካቸው መኝታ ቤት ትራስ ላይ ነበር። ጠራ፤ ሰሙት፤ እየሰሙት ጠርቶ ጠርቶ ዝም አለ፤ ደግሞ ጠራ። የሚደውለውም በኩር ልጃቸው ነበር፣ እርሱም በመድን ድርጅት ተቀምጦ በሰው ላይ ምን ምን ሊደርስ እንደሚችል ሲገምት የሚውል፣ በጠራራ ፀሐይ ጃንጥላ የሚይዝ፣ ሙዝ ልጣጭ ሲያይ መንገድ የሚሻገር ነው። ይህ ሰው የአንድ እግሩን ጫማ ክር ሳያስር ከቢሮው በርሮ መጣ፤ በሩን በትከሻው ሊሰብር ሞከረ፤ በሩ ግን የአባቱ ሥራ ነበርና ንቅንቅ አላለም፤ በመጨረሻም በመስኮት ገብቶ እናቱን አነሣ። እግራቸውም ታሽቶ በታሰረ ጊዜ፣ ላቡ ሳይደርቅ፣ በመኝታ ቤቱ ደጃፍ ቆሞ እንዲህ የሚል አዋጅ አስነገረ፦

«እማዬ፣ ስሚኝ! ከዛሬ ጀምሮ ብቻሽን መኖር የሚባል ነገር የለም! እኛ ቤት ያለው ክፍል ቀለም ተቀብቶልሻል፣ አልጋም ገብቶልሻል። ስልክ የማታነሺ ሰው እዚህ አትቀመጪም፤ አለቀ፣ ደቀቀ!»

እማማም እግራቸው በትራስ ላይ እንደተሰቀለ፣ ከአልጋቸው ሳይወርዱ፣ በሚከተለው አዋጅ መለሱ፦

«አንተ ልጅ፣ አንተም ስማኝ! ይህን በር አባትህ ነው የገጠመው፤ ይህን መደርደሪያ እሷ ትድረስበት ብሎ ዝቅ አድርጎ የመታው አባትህ ነው። የናንተ ቤት እኮ ሁሉ ነገር ለቀውላላ ሰው የተሠራ ነው፤ መብራት ለማጥፋት እንኳ ሰው ልጠራ ነው? ስልኩ ከዛሬ ወዲያ ከላዬ አይወርድም። ባሰኘህ ሰዓት ደውል፤ አንድ ጊዜ ሳላነሣ ከቀረሁ፣ ያኔ መኪናህን ይዘህ ና!»

ባለሱቋ በመስኮት በኩል ምስክር ሆና ውሉ ጸና። አንድ ያልተነሣ ጥሪ፣ ቤቱንም፣ በሩንም፣ ዝቅ ያለውንም መደርደሪያ ያሳጣቸዋል ማለት ነው። እማማ ይህን ካሉ በኋላ ፊታቸውን ወደ ግድግዳው አዞሩ፤ በአፍ የተናገሩት ቀላል ነበር፣ በልባቸው ግን ፈርተው ነበር። ኪስ በሌለው ጉርድ ስልኩን የት አድርገው ነው ከላያቸው የማያወርዱት?

እግራቸው መርገጥ በጀመረ ጊዜ ክተት አወጁ። የተከተሏቸውም እነዚህ ናቸው፦ ፊታውራሪ መቀስ፣ ምላሳቸው የተሳለ፣ አንድ ጊዜ ካርቶን ስለተቆረጠባቸው እስከ ዛሬ ያኮረፉ፤ ቀኛዝማች ሜትር፣ ጫፋቸው ተበልቶ መቁጠር ከመሃል የሚጀምሩ፤ ግራዝማች ሳሙና፣ በልብስ ማጠብ አገልግለው ሲሰሱ ጨርቅ ላይ ለማስመር የተሾሙ፤ ባላምባራስ ካውያ፣ ቶሎ ግለው ቀስ ብለው የሚበርዱ፤ ቁጥሩ የማይታወቅ የስፒል ሠራዊት፣ ከመካከሉ ሁልጊዜ አንዱ ከድቶ ምንጣፍ ውስጥ የሚሸምቅ፤ በደጀንም ራስ ስፌት መኪና፣ በዕድሜ ከልጃቸው የሚበልጡ፣ ዘይት ካልቀመሱ ከቦታቸው የማይነቃነቁ። ሁሉም በየማዕረጋቸው በጠረጴዛው ላይ ተሰለፉ፤ መነጽሩ ብቻ ጠፍቶ ተፈልጎ ከእማማ አናት ላይ ተገኘ።

የመጀመሪያው ዘመቻ በግራጫው ጉርድ ላይ ሆነ። እማማ የጎኑን ስፌት ከወገቡ ዝቅ ብለው ተረተሩ፣ ከቁርጥራጭ ጨርቅም፣ ሱቅ ውስጥ በሚሸጥ ልብስ ላይ እንዳለው ዓይነት ትንሽዬ ኪስ ቆርጠው ከፊትና ከኋላ ገጥመው ሰፉ። ስልኩ ገባ፤ ግማሹ ግን ውጭ ቀረ፣ መንገደኛ እንደሚያይ ሰው ብቅ ብሎ። በዚህ ሁኔታ ወደ ባለሱቋ ዘንድ ወጥተው አግዳሚው ላይ ቁጭ ሲሉ ስልኩ ሾልኮ ከሩዝ ጆንያ ውስጥ ሰጠመ፣ በዚያው ቅጽበትም ልጃቸው ደወለና ጆንያው መዝፈን ጀመረ። እማማ እስከ ክርናቸው ገብተው አወጡትና አነሡት፤ ልጁ ግን በጆሮው ውስጥ የሰማው ኮሽኮሽታ ምን እንደሆነ እስከ ዛሬ አልተነገረውም።

ወካዕበ፣ ዳግመኛም፣ በቡናማው ጉርድ ላይ ዘመቱ። አሁን ኪሱን አሰፉት፤ ስልክና ቁልፍ አብረው ያድሩበታል። ነገር ግን ኪሱ የተንጠለጠለው በጎኑ ስፌት ብቻ ነበር፣ የጉርዱም ወገብ ላስቲክ ነበር፣ ላስቲኩም ብዙ እጥበት ያየ ነበር። እማማ መንገዱን መሻገር ሲጀምሩ ኪሱ ጉልበታቸውን እየደበደበ ሄደ፣ መሃል ላይ ሲደርሱ የጉርዱ ቀኝ ጎን አዘቀዘቀ፣ ፀጉር አስተካካዩ ደጃፍ ሲደርሱ ደግሞ ግራውም ተከተለ። ያን ጊዜ ባለሱቋ፣ አፈ ንጉሥ ዘሰፈር፣ ከመስኮቷ ብቅ ብላ ላልሰማ ሁሉ እንዲህ ስትል አወጀች፦

«እማማ! ኧረ እማማ! ጉርድዎ እየሄደ ነው! እንዳይንቀሳቀሱ፣ መጣሁልዎ!»

ፀጉር አስተካካዩ የደንበኛውን ግማሽ ራስ ትቶ ወጣ፤ ግማሽ ራሱ የተላጨውም ደንበኛ ፎጣውን እንደለበሰ ወጣ። ክብር ለውስጥ ልብስ ይሁንና ከዚህ የከፋ አልሆነም። እማማ ጉርዳቸውን በሁለት እጃቸው ጨብጠው፣ ራሳቸውን ቀና አድርገው፣ የተሸነፈ ጦር በማይመለስበት ግርማ ወደ ቤታቸው ተመለሱ፤ ለሁለት ቀንም ባለሱቋን አላነጋገሩም።

ወእምዝ፣ ከዚህም በኋላ፣ አልጋቸው ጫፍ ላይ ተቀምጠው ብዙ አሰቡ። የሰፈሩን ሱሪ ሲሰፉ ኖረው እንዴት አንድ ኪስ ይረታቸዋል? ለደንበኛ የሰፏቸው ኪሶች መሐረብ የሚያክል ነገር እንጂ እንዲህ ያለ ጡብ የሚያክል ስልክ ተሸክመው አያውቁም። መዶሻ፣ ምስማርና የሚስት ዕቃ ሁሉ ተሸክሞ ሳይወልቅ የኖረ አንድ ኪስ ብቻ ነው የሚያውቁት። እርሱም ቁም ሳጥኑ ውስጥ ተሰቅሏል። ቁም ሳጥኑን ደግሞ ረጅሙ አናጢ ካረፉ ወዲህ በዚያ በኩል አልከፈቱትም ነበር።

ከፈቱት። ሱሪው እንደተሰቀለ ነው፣ ጉልበቱ እንደ ለባሹ ወደፊት ወጣ ብሎ። እማማ አውርደው ጭናቸው ላይ ዘረጉት፣ እጃቸውንም ወደ ቀኙ ኪስ ሰደዱ፤ እስከ ክርናቸው ገባ፤ ከታች ጥጉ ላይ አንዲት የአናጢ እርሳስ ስባሪ አገኙ፣ በቢላዋ የተቀረጸች፣ ጫፏ የተነከሰች። ባለቤታቸው ሲያስቡ እርሳስ ይነክሱ ነበር። እማማ እዚያው አለቀሱ፤ ዜና ጸሐፊም ሆነን ይህን አንደብቅም። ካለቀሱ በኋላ አፍንጫቸውን ጠርገው፣ መነጽራቸውን ከአናታቸው አውርደው፣ ሱሪውን ገልብጠው እንደ ባለሙያ መረመሩት። ምሥጢሩም ተገለጠ፤ የኪሱ ከረጢት ከጎን ስፌቱ ጋር ብቻ ሳይሆን ከላይ ከወገቡ ጥብጣብ ጋር አብሮ ተሰፍቷል፣ ስለዚህ ክብደቱን የሚሸከመው ወገብ ነው፣ የኪሱም አፍ ሰያፍ ስለሆነ ተቀምጠውም ቢሆን የገባው አይወጣም። ይህን ሱሪ ማን እንደሰፋው አስበው ቆዩና ራሳቸው እንደሰፉት ትዝ አላቸው። ገና ሙሽራ ሳሉ ነበር የሰፉት።

በዚህ ጊዜ እማማ የሠሩትን ስህተት ሌላ ሰው ሊሠራው አይችልም። ልኩን ገልብጠው አዲስ ኪስ ሊቆርጡ ይችሉ ነበር፤ አላደረጉትም። የረጅሙን አናጢ ሁለት ኪሶች ከነከረጢታቸው ፈትተው፣ እንደነበሩ፣ አንድ ጣት ሳያሳጥሩ፣ በጥቁሩ ጉርዳቸው ግራና ቀኝ ገጠሟቸው፣ በወገቡም ላይ ከላስቲክ ይልቅ እውነተኛ ጥብጣብና ቁልፍ አደረጉ። እርሳሷንም ወደ ነበረችበት መለሷት። ጉርዱን ለብሰው ተቀመጡ፣ ተነሡ፣ ጎንበስ አሉ፣ አልጋ ላይ ተንከባለሉ፤ ምንም አልወደቀም፣ ምንም አልወረደም። ቤቱ ለእሳቸው ጸና ብለው ተደሰቱ።

ነገር ግን ያ ኪስ የተቆረጠው ለረጅም ሰው ክንድ ነበር። በማግስቱ ጠዋት ቧንቧ ላይ ተሰልፈው፣ እጃቸው በሳሙና ተለውሶ ሳለ፣ ስልኩ ከጉልበታቸው አካባቢ ጠራ። እማማ እጃቸውን ሰደዱ፤ አልደረሰም። ወደ ጎን ተጣመው ሰደዱ፤ በጣታቸው ጫፍ ነኩትና ሙልጭ አለ። በግራ እጃቸው ከታች በጨርቁ ላይ እየገፉ በቀኛቸው ከላይ ሊቀበሉ ሞከሩ፤ ስልኩ ወጣ ወጣ አለና ተመልሶ ወረደ። ጀሪካን የያዘ ሰው ሁሉ ከበባቸው፤ ይህኛው አንድ እግርዎን ያንሡ፣ ያኛይቱ ጉርዱን ይገልብጡት እያለ መከረ። በመጨረሻ የአርባ ሰው ያህል ታግለው ስልኩን በድል ወደ ላይ ባወጡት ጊዜ ዝም አለ። ወዲያው መልሰው ደወሉ፤ ልጃቸው ግን መኪና ሲነዳ ስልክ የማያነሣ ሰው ነው፣ በዚያች ሰዓትም መኪና ውስጥ ገብቶ ነበር።

ደረሰም፣ ካርቶን ተሸክሞ። እናቱን በሁለት እግራቸው ደጃፍ ላይ ቆመው ሲያይ በመጀመሪያ ረጅም ትንፋሽ ተነፈሰ፣ ቀጥሎም ፊቱን አኮሳትሮ አወጀ፦

«ቃል ቃል ነው፣ እማዬ! ራስሽ ነሽ ያልሽው። እኔ ወጥ ቤቱን እጠቀልላለሁ፣ አንቺ ልብስሽን አዘጋጂ።»

እማማ ወደ ስፌት ክፍላቸው ገብተው በሩን ዘጉ። ጥቁሩን ጉርድ አውልቀው ኪሱን ወደ ውጭ ገለበጡት፤ ፊታውራሪ መቀስም ተጠርተው ቀረቡ፣ አፋቸውንም ከፈቱ። ግማሹን ቆርጦ መጣል የደቂቃ ሥራ ነበር። እማማ ግን ያንን የነተበ ጨርቅ በእጃቸው እንደያዙ መቁረጥ አቃታቸው፤ ፊታውራሪንም ወደ ቦታቸው መለሷቸው። ከዚያ የራሳቸውን እጅ በኪሱ ላይ ዘርግተው፣ ጣታቸው ከሚደርስበት ላይ በግራዝማች ሳሙና አሰመሩ፣ በዚያም መስመር ላይ ራስ ስፌት መኪናን ከዳር እስከ ዳር፣ ከዳር እስከ ዳር ነዱ፣ የግራውንም እንዲሁ አደረጉ። ኪሱ ፎቅና ምድር ቤት ሆነ፤ ፎቁ የስልክ፣ ምድር ቤቱ ግን፣ እርሳሷ እንደተኛች፣ ከእንግዲህ እጅ የማይገባበት ሆኖ ተዘጋ። በውጭ ልጁ የስፌት መኪናውን ድምፅ ሰምቶ፣ እናቱ የመጨረሻዋን ስፌት ተሰናብተው እየሰፉ መስሎት፣ ድስቱን በቀስታ አስቀመጠ።

እማማ ጉርዳቸውን ለብሰው ሲወጡ ምራታቸውም ደርሳ ነበር፣ ሕፃኑ በአንድ ክንዷ፣ ጡጦና ቁልፍ በሌላው እጇ፣ ስልኳም በጥርሷ። በሱሪዋ ላይ ኪስ ነበረ፤ ነገር ግን የዘመነ ላስቲክ ኪስ ነበር፣ ማለት አፍ ብቻ ኖሮት ሆድ የሌለው። ልጁ በበኩሉ የብርጭቆ ካርቶን ሊያነሣ ጎንበስ ሲል ስልኩ ከሸሚዙ ኪስ ሊወድቅ ሆነ። በአንድ እጁ ያዘውና ዙሪያውን አየ፤ ጠረጴዛው ተገልብጧል፣ መደርደሪያው ባዶ ሆኗል። ያን ጊዜ፣ ምን እንደሚል ሳያውቀው፣ «እማዬ፣ አንዴ ያዢልኝ!» አለና ስልኩንና የመኪናውን ቁልፍ ሰጣቸው። እማማም በግራ ኪሳቸው ከተቱት። እሳቸውን ያዢልኝ ያላቸው ሰው ኖሮ አያውቅም ነበር።

ከዚያም ድምፃቸውን ከፍ አድርገው አወጁ፦

«አንድ ዕድል ይገባኛል! ጠዋት ኪሱ ነው ያጠፋው፣ አሁን ታርሟል። ውጣና በፈለግክበት ደቂቃ ደውል፤ ካላነሣሁ እኔው ራሴ ካርቶኑ ውስጥ እገባለሁ!»

ልጁ ከቤት ወጣ፣ ከመኪናው ጀርባም ተደበቀ። ሸሚዙን ዳበሰ፤ ሱሪውን ዳበሰ፤ ስልኩ የት እንዳለ ትዝ ሲለው ግንባሩን መታ። ሚስቱን በምልክት ጠርቶ የእርስዋን ስልክ ለመነ፤ እርስዋም ከጥርሷ አውጥታ፣ ሳቋን እያፈነች፣ ሰጠችው። ደወለ። በዚያችው ቅጽበት ደግሞ ቢሮው እርሱን ፈለገውና በእማማ ግራ ኪስ ውስጥ ያለው ስልክ ጠራ፤ በቀኙም ያለው ጠራ። እማማ እንደ ጥንት ተኳሽ ሁለት እጃቸውን በአንድ ጊዜ ሰደዱ፣ በአንድ ጊዜም አወጡ፣ የመጀመሪያው ጥሪ ሳያልቅም ለሁለቱም አወጁ፦

«አቤት! እናቱ ነኝ። ልጄ ስልኩን ትቶ መኪና ጀርባ ተደብቋል፤ ወጥቶ ይደውልልዎታል። አንተም በሚስትህ ስልክ የምትደውለው፣ ና ግባ፣ ፀሐይ ነው!»

ልጁ ገባ። በብርጭቆው ካርቶን ላይ ተቀመጠ፣ ሲቀመጥም ቁመቱ ከእናቱ ጋር እኩል ሆነ። አዋጅ የሚነገርበት ድምፅም አልቀረውም፤ የተናገረውንም ቀርበን ባንሰማ ኖሮ አንጽፈውም ነበር፦

«ያን ቀን በመስኮት ስገባ... የሞትሽ መስሎኝ ነበር፣ እማዬ። ከዚያ ወዲህ ስልኩ በጠራ ቁጥር እስክታነሺ ድረስ ትንፋሽ የለኝም። ፈርቼ ነው እንጂ ቤትሽን ጠልቼ አይደለም።»

እማማ ራሱን ደረታቸው ላይ አስደግፈው ያዙት። የመኪናውን ቁልፍ አውጥተው ሲሰጡትም አልተቀበለም፤ እቃውን ወደ ቦታው እስኪመልስ ድረስ እሳቸው ዘንድ ይቆይ አለ። ድስቱንም ከላይ ሳይሆን ከአባቱ ዝቅ ያለ መደርደሪያ ላይ አኖረው። ምራታቸው ደግሞ ያላትን ሱሪና ጉርድ ሁሉ በማግስቱ በሻንጣ አምጥታ ጠረጴዛው ላይ ከመረችና «እማማ፣ የኔንም ያቅኑልኝ!» ብላ ገበረች፤ ባለሱቋ ተከተለች፤ ከዚያም ሰፈሩ በሙሉ።

ሰላም ለእደዊኪ፤ ሰላም ለእጆችዎ፣ አፍ ብቻ ለነበረው ሆድ ለሰጡ። ሰላም ለወገብዎ፣ ጡቡን ተሸክሞ ላልዘመመ። ሰላም ለጣትዎ፣ ስፒል ለወጋው፣ ስልክ ላልቀደመው። ከእንግዲህ ዘመነ ላስቲክ አልፎ ዘመነ ኪስ ገብቷል ተብሎ ይጻፍ፤ የሰፈሩ ሴቶች እጃቸውን እያወዛወዙ ሲሄዱ ያየ ሁሉ የማን ሥራ እንደሆነ ይወቅ፤ ስማቸውም ከፊታውራሪ መቀስ ዝገት በፊት አይረሳ።

ልጃቸው አሁንም በየቀኑ ይደውላል፤ እማማም በመጀመሪያው ጥሪ ያነሣሉ። ሲጨርሱ ስልኩን ወደ ፎቁ ይመልሱታል፤ እግራቸውን ሲያነሡ ከምድር ቤት ያቺ እርሳስ ጉልበታቸውን ቸብ ታደርጋቸዋለች። ያን ጊዜ፣ ባለሱቋ እንኳ በማትሰማው ድምፅ፣ ያዝልኝ ይላሉ።